ወርቅ ካርድና በር ላይ የቀሩ ልጆች

ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ የውጭ አገር አየር ማረፊያ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ አንድ የመስታወት በር ፊት ለፊት ቆሜ ቤተሰቤን ለሁለት እንድከፍል ተጠየቅሁ። በዚህ ቃል አልተጠየቅሁም፤ በሩ ላይ የተቀመጠችው ወጣት ትሑትና ፈገግተኛ ነበረች። የወርቅ ካርዴን ተቀብላ ካየች በኋላ ባለቤቴን፣ የስድስት ዓመት ሴት ልጄንና ትከሻዬ ላይ የተኛውን የሦስት ዓመት ወንድ ልጄን በዓይኗ ቆጠረችና፣ «ጌታዬ፣ ካርድዎ አንድ እንግዳ ብቻ ይዘው እንዲገቡ ነው የሚፈቅደው» አለችኝ። «እነዚህ እኮ እንግዶች አይደሉም፤ ልጆቼና ሚስቴ ናቸው» አልኳት። «ይገባኛል ጌታዬ፤ ነገር ግን ሁለት ዓመት ያለፈው ልጅ በደንባችን እንደ እንግዳ ይቆጠራል» ብላ በድጋሚ ፈገግ አለች።

ባለቤቴ የመከረችኝ ምክር ደግነት የተሞላ ነበር፦ «አንተ ትንሹን ይዘህ ግባና ጋደም በል፤ እኔ ከትልቋ ጋር እዚሁ እጠብቃለሁ።» ምክሩን አልተቀበልኩም። ከበሩ ትይዩ ባለው ምንጣፍ ላይ ጋቢ ዘርግተን ልጆቹን አስተኛንና፣ እኛ ግድግዳ ተደግፈን አራት ሰዓት ተኩል ያህል ጠበቅን። በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው ሳሎን ባዶ ነበር ብል አላጋነንኩም። ሦስት ሰዎች እርስ በርስ ተራርቀው ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ጫማውን አውልቆ ሁለት ወንበር ገጥሞ ተኝቷል። ሾርባው ይተናል። የሚጠጣው የለም።

ውድ አንባቢ፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ዋጋ ንረት መጻፍ የለመደ ሰው ዛሬ ምን ነክቶት ስለ አየር ማረፊያ ሳሎን ያወራል ማለትህ አይቀርም። «የሞላለት ሰው ብሶት» የሚል አስተያየት እንደሚመጣብኝም አውቃለሁ። እንዲያውም ከዚህ በታች እንደምታየው፣ ያን አስተያየት የሰጠኝ ወዳጄ ከሞላ ጎደል ትክክል ነበር። ሆኖም ማን በየትኛው በር ይገባል፣ ማን ደጅ ይቀራል የሚለው ጥያቄ ፖለቲካ ካልሆነ ፖለቲካ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። ልጅ ከመውለዴ በፊት ከበሩ ወዲያ ከሚቀመጡት አንዱ ነበርኩ። በሥራዬ ምክንያት ብዙ እበራለሁ፤ ሳሎኖቹን በየከተማው አውቃቸዋለሁ፤ አንድ ሕፃን ሲያለቅስ ጋዜጣዬን ዝቅ አድርጌ እናቱን በዓይኔ የገረፍኩበት ቀን አለ። ስለዚህ ጸጥታ የሚሹትን ሰዎች ክፉ ናቸው ብዬ ለመጀመር ሞራሉ የለኝም።

የነገሩ አመጣጥ ከክብር ጋር የተያያዘ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ1939 በኒውዮርኩ ላጓርዲያ አየር ማረፊያ «አድሚራልስ ክለብ» የተባለውን ማረፊያ ሲከፍት፣ የሚገባው በግብዣ ብቻ ነበር። አውሮፕላኖቹን «ባንዲራ መርከቦች» ብሎ የሰየመው ኩባንያ ታላላቅ ደንበኞቹን ደግሞ «አድሚራሎች» እያለ ይሾም ነበር፤ ሹመቱ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ትልቅ ሰው መሆንን እንጂ። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 የማይል ማጠራቀሚያ ዘዴውን ሲጀምር ግን ክብር በኪሎ ሜትር የሚለካ ሆነ። የበረረ ይሾማል፤ ብዙ የበረረ ብር ይሆናል፤ እጅግ ብዙ የበረረ ወርቅ። የእኛው አየር መንገድም «ሸባ ማይልስ» ብሎ ደንበኞቹን በሰማያዊ፣ በብር፣ በወርቅና በፕላቲኒየም ይመድባል። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ስታር አላያንስ የተባለውን ኅብረት ከተቀላቀለ ወዲህም የአዲስ አበባው ወርቅ በፍራንክፈርትና በኢስታንቡልም ወርቅ ነው። የኅብረቱ ደንብ ባለወርቁ አንድ እንግዳ እንዲያስገባ ይፈቅዳል። አንድ! ደንቡን ያረቀቀው ሰው በሐሳቡ የሣለው ተጓዥ ሻንጣ የሚጎትት ነጋዴ እንደነበር፣ እንግዳውም የሥራ ባልደረባው እንደነበር ለመገመት አዋቂ መጠየቅ አያሻም።

ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም። ያው አድሚራልስ ክለብ ለአባሉ ምርጫ ይሰጠዋል፦ ወይ ማንንም ሁለት እንግዳ፣ ወይ የትዳር ጓደኛውንና ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቹን። ልጆቹ ሦስት ይሁኑ አምስት ጥያቄ የለም። ቤተሰብን እንደ አንድ ነገር የሚያይ ደንብ መጻፍ ይቻላል ማለት ነው፤ ሰማይ አልተደፋም። በሌላ በኩል አዝማሚያው ወደ ማጥበብ ነው። በአሜሪካ ባንኮች የሳሎን መግቢያን ከክሬዲት ካርድ ጋር እያያዙ መሸጥ ከጀመሩ ወዲህ ሳሎኖቹ ተጨናንቀው በር ላይ መሰለፍ የተለመደ ሆነ። አሜሪካን ኤክስፕረስ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2023 ጀምሮ አብዛኞቹ የፕላቲኒየም ካርድ ባለቤቶች እንግዳ በነጻ እንዳያስገቡ አገደ፤ ለአዋቂ 50 ዶላር፣ ከሁለት ዓመት እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ ደግሞ 30 ዶላር ተቆረጠ። መጨናነቅን ያመጡት ልጆች አልነበሩም፤ ካርዱን ያለ ልክ የቸበቸቡት ሻጮች ነበሩ። ቅጣቱ ግን መጀመሪያ ያረፈው ልጆቹ ላይ ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ሒሳቡ አይደለም፤ ወርቁ ከምን እንደሚቀለጥ ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ሰባት ሺህ ማይል ገደማ ነው። በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ማይል የሚያጠራቅም ሰው በዚያው መጠን ከቤቱ የራቀ ሰው ነው። ሴት ልጄ መጀመሪያ የተራመደችው እኔ ሎሜ ሳለሁ ነው። ወንዱ ሲወለድ የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ትምህርት ቤት «አባትሽ ምን ይሠራል?» ተብላ ስትጠየቅ «አየር ማረፊያ ነው የሚኖረው» ብላ መመለሷን አስተማሪዋ እየሳቀች ነግራኛለች። (እኔም ለመሳቅ ሞክሬ ነበር።) እንግዲህ ይህ ካርድ የተከፈለው በእኔ ኪስ ብቻ አይደለም። አሠሪዬ ቲኬቱን ገዝቷል፣ እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ባለቤቴና ልጆቼ ደግሞ ያለ እኔ ያደሩባቸውን ሌሊቶች ከፍለዋል። ሽልማቱ ሲመጣ ከሦስቱ ከፋዮች አንዱ ብቻ ይገባል፤ ሌላው «እንግዳ» ይባላል፤ የተረፉት ምንጣፍ ላይ ይተኛሉ። ቤተሰቡ አብሮ የሚጓዝበት ቀን በዓመት አንዴ ቢሆን ነው። አየር መንገዱ የሚወደውን ደንበኛ ለማክበር ከዚያች አንዲት ቀን የተሻለ አጋጣሚ ከየት ያገኛል?

ወደ ጸጥታው ክርክር ልመለስ፤ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለምና። በእኛ ባህል ልጅ ከትልቅ ሰው ማዕድ አይቀርብም ነበር። አባት ሲበላ ልጅ ኩራዝ ወይም ጧፍ ይዞ ይቆማል፤ እንግዳ ከመጣ ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይጠብቃል። የዚህ ትውልድ ሰዎች የሆንን ብዙዎቻችን ከአያቶቻችን አፍ ሰምተነዋል፤ አንዳንዶቻችንም ደርሶብናል። ስለዚህ «ልጆች ከሳሎን ይውጡ» የሚለውን ሐሳብ ፈረንጅ ያመጣብን ነው ብሎ ማላከክ አያዋጣም። ግን ልብ እንበል፤ ኩራዝ የያዘው ልጅ ያለው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ጎርሶ የተረፈውን ያገኛል፤ ወሬውን ይሰማል፤ ሲያዛጋ እናቱ ወደ መደብ ትወስደዋለች። የቤተ መንግሥቱ ግብርም ቢሆን በማዕረግ የተደለደለ ነበር፤ መኳንንቱ አስቀድመው፣ ጭፍራው ቀጥሎ፣ ተራው እየተጠበቀ ይገባ ነበር። ይሁንና አዳራሹ አንድ ነበር፤ የሚለያየው ተራው ነው። ደጅ አስቀርቶ በመስታወት ማሳየት የእኛም የሌላውም አሮጌ ባህል አይደለም።

ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ጸጥታ ያግኝ። ይህን በሙሉ ልቤ አምናለሁ። የምጠይቀው ጸጥታውን ለማስገኘት ከሰው መካከል የሚቀነሰው ለምን ልጅ ብቻ እንደሆነ ነው። በሳሎን ውስጥ በሕይወቴ ከሰማኋቸው ድምፆች ሁሉ የከፋው ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍቶ ስለ ሲሚንቶ ጭነት ለአንድ ሰዓት የተጨቃጨቀ ባለወርቅ ነው። እሱን ማንም «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ብሎ አልጠየቀውም። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ክፍል መለየት። የቱርክ አየር መንገድ በኢስታንቡል ሳሎኑ ለልጆች መጫወቻ ሥፍራ ለይቷል፤ የኳታሩም በዶሃ ለቤተሰብ የተከለለ ክፍል አለው። በአውሮፕላኖቹ ውስጥ እንኳ ተመሳሳይ ነገር ተሞክሯል። ኤርኤዥያ ኤክስና ስኩት እ.ኤ.አ. በ2013፣ የሕንዱ ኢንዲጎ በ2016 ትንንሽ ልጆች የማይቀመጡባቸው የጸጥታ ረድፎች ለይተዋል። ብዙ ሰው ተቆጥቶ ነበር፤ እኔ አልተቆጣሁም። ረድፍ መለየትና ከአውሮፕላኑ ማውረድ ለየቅል ናቸውና። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ የማሌዥያ አየር መንገድ ሕፃናትን ከአንደኛ ማዕረግ ማገዱ ሲታወቅ የተነሣው ሙግት ግን ተገቢ ነበር፤ እዚያ የተባለው «ወዲያ ተቀመጡ» ሳይሆን «አትምጡ» ነውና።

ስለ ቡናው ደግሞ አንድ ነገር ካላልኩ ይቆጨኛል። በቦሌው «ክላውድ ናይን» ሳሎን ረከቦት ተዘርግቶ፣ ዕጣን ጨሶ፣ ቡና በባህላችን ይፈላል። ለውጭ ሰው ደስ የሚል ትዕይንት ነው፤ እኔም ከደጅ ስመለስ የመጀመሪያው የአገሬ ሽታ እሱ ነው። ነገር ግን እኔ ባደግሁበት ሰፈር ቡና ያለ ልጅ አይፈላም። ጎረቤት የሚጠራው ማን ሆነና? «እማዬ ቡና ጠጡ ብላለች» እያለ በየበሩ የሚሮጠው፣ ሲመለስ ፈንዲሻ የሚታፈስለት ልጅ ነው። ሥርዓቱን ከነሙሉ ዕቃው ወደ ሳሎን አስገብተን ተጠሪዎቹንም ጠሪውንም በካርድ ከቆጠርን፣ የቀረን ጀበናው ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ሐሳቤን ለአንድ ወዳጄ አጫውቼው ነበር። አዳምጦኝ ሲያበቃ፣ «ለወርቅ ልጆች ነው እንዴ የምታለቅሰው?» አለኝ። «አንተ የቀረህ ምንጣፍ ላይ ነው፤ ጋቢ ነበረህ፤ ሚስትህ አብራህ ነበረች። በሌሊት ቦሌ ላይ መሸጋገሪያው አዳራሽ ውስጥ ቆመህ ታውቃለህ? ካርድ የሌላትን እናት አይተሃል?»

አይቻታለሁ። ደጋግሜ አይቻታለሁ፤ አይቼም ወደ ሳሎኑ ነው የሄድኩት። የቦሌ ሥራ በሁለት ማዕበል የሚመጣ ነው። ማለዳ ከአውሮፓ፣ ከእስያና ከባሕረ ሰላጤው የመጣው መንገደኛ ወደ አፍሪካ ከተሞች ይበተናል፤ ማታ ደግሞ ከአፍሪካ የተሰበሰበው ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ይበራል። በሁለቱ ማዕበሎች መካከል የቀረ ሰው አለ። ረጅም ቆይታ ለገጠመው ሆቴል ይሰጠዋል፤ አምስትና ስድስት ሰዓት የሚጠብቀው ግን ወንበር ካገኘ ወንበር ላይ፣ ካላገኘ ወለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከኪንሻሳ ወይም ከዱዋላ በስስ ልብስ የመጣ ሕፃን ሌሊቱ ይበርደዋል። እናት አንዱን አዝላ፣ አንዱን በእግሯ አቅፋ፣ ሻንጣዋን ተንተርሳ ታሸልባለች። ጡጦ የምታጥብበት ቦታ ፍለጋ ብትነሣ ወንበሯን ሌላ ይይዘዋል።

ከእነዚህ መካከል የራሳችን ሴቶች አሉ። ከቤይሩት፣ ከኩዌት፣ ከሪያድ የሚመለሱት። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ አንሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባረው ሲመለሱ፣ ቦሌ የደረሱት እናቶች ሕፃናት አቅፈው ነበር። ብዙዎቹ የሌላውን ሰው ልጅ ለዓመታት ያሳደጉ ናቸው፤ በየአገሩ አየር ማረፊያ የአሠሪዎቻቸውን ልጆች ጋሪ እየገፉ ያለፉ፣ ምናልባትም በሳሎኑ በር ላይ «ሞግዚቷ እዚህ ትቆይ» የተባሉ ናቸው። ይህን ሳስብ የወዳጄ ጥያቄ መልስ አጣሁለት። ለሁለት ቀን ያህል ይህን ጽሑፍ ልተወው አስቤ ነበር።

ያልተውኩት ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ሥር እንዳላቸው ስላየሁ ነው። አየር ማረፊያዎቻችን የተሣሉት ብቻውን ለሚጓዝ አዋቂ ነው። ይህ ሰው ሀብታም ሲሆን ሳሎን ይሰጡታል፤ ድሀ ሲሆን ወንበር። ልጅ የያዘ ሰው ግን ሀብታምም ሆነ ድሀ በሥዕሉ ላይ የለም። ልዩነቱ ባለካርዱ ለቅሬታው አድራሻ አለው፤ ካርድ የሌላት እናት የላትም። ስለዚህ ቅደም ተከተሌን አስተካክላለሁ። የወርቅ ልጆች ይግቡ እላለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ወርቅ የማይጠየቅበት በር ይከፈት።

ይህ ቅንጦት አይደለም፤ በሌላ ቦታ ተሠርቷል። የአምስተርዳሙ ስኪፖል አየር ማረፊያ የሕፃናት ማረፊያ ክፍል አለው፤ ማንኛዋም እናት ቲኬቷ የማንም ይሁን ገብታ ልጇን ታጥባለች፣ ታጠባለች፣ ታስተኛለች። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአቪዬሽን ሕግ ትልልቅና መካከለኛ አየር ማረፊያዎች በየተርሚናሉ ከመጸዳጃ ቤት የተለየ የማጥቢያ ክፍል እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ሕግ ነው፤ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል ቸርነት አይደለም። የእኛስ ሕግ አውጪዎች ስለዚህ አንድ አንቀጽ ቢያስቡ ምን ይጎድልባቸዋል? በየቲኬታችን ውስጥ የአየር ማረፊያ ክፍያ የሚባል ነገር ተካቶ እንደምንከፍል የማያውቅ መንገደኛ ብዙ ነው፤ ክፍያው ግን ካርድ አይጠይቅም።

በአገራችን ነገሩ እንዲያውም ከሌሎች አገሮች ይልቅ ቀላል መሆን አለበት። ሌላው ዓለም አየር መንገዱ «ይህ የአየር ማረፊያው ጉዳይ ነው» ይላል፤ አየር ማረፊያው ደግሞ «ሳሎን የአየር መንገዶች ሥራ ነው» ይላል፤ መንገደኛው በመካከል ይመላለሳል። እኛ ዘንድ የኤርፖርቶች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ከአየር መንገዱ ጋር ተዋሕዶ አንድ ግሩፕ ሆኗል። ሳሎኑም፣ ወንበሩም፣ ወለሉም የአንድ ባለቤት ናቸው፤ ባለቤቱ ደግሞ መንግሥት ነው፤ መንግሥት ማለት ቢያንስ በወረቀት ላይ እኛ ነን። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ቦሌ በዓመት እስከ 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ተስፋፍቶ ሲመረቅ፣ በዚያ ሰፊ ጣሪያ ሥር ለእናቶች ምን ያህል ካሬ ሜትር እንደተለየ የጠየቀ ጋዜጠኛ አላስታውስም። እኔም አልጠየቅሁም።

አሁን ሌላ ዕድል አለ። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ በተባለው ሥፍራ፣ የአዲሱ አየር ማረፊያ ግንባታ እ.ኤ.አ. በ2026 መጀመሪያ በይፋ ተጀምሯል። ንድፉ ዛሃ ሃዲድ አርክቴክትስ የተባለው ታዋቂ ድርጅት ነው፤ ወጪው 12.5 ቢሊዮን ዶላር ተብሏል፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ 110 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሎ ታቅዷል። (መሬቱን ስለ ለቀቁት ገበሬዎች ሌላ ቀን እመለሳለሁ፤ በቅንፍ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።) ከእነዚህ መንገደኞች እጅግ የሚበዙት ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን የሚሸጋገሩ ይሆናሉ፤ ማለትም የሚጠብቁ ሰዎች። የሚጠብቁት ሁሉ ነጋዴዎች አይሆኑም። ሙቅ ውሃና መተኛ ያለው፣ መብራቱ የሚደበዝዝ፣ ዳይፐር የሚለወጥበት ጠረጴዛ አባትም ሊገባበት በሚችል ቦታ የተቀመጠለት የቤተሰብ አዳራሽ በየክንፉ እንዲኖር ማዘዝ ዛሬ በእርሳስ የሚደረግ ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግድግዳ ማፍረስ ይጠይቃል። የሳሎኖቹም ደንብ እንዲሁ ዛሬ ይጻፍ፦ ባለካርዱ ከትዳር ጓደኛውና አብረውት ከሚበሩት ለአካለ መጠን ካልደረሱ ልጆቹ ጋር ይግባ፤ ለልጆቹ የተለየ ክፍል ይኑር፤ ጸጥታ ለሚሹትም እንዲሁ፤ ሞግዚቷም ከያዘችው ልጅ ጋር ትግባ። ቦታ በሞላ ጊዜ ሁሉም ይጠብቅ፤ ባለወርቁም ጭምር።

«ይህን ብታደርግ ነጋዴው ወደ ዶሃና ወደ ኢስታንቡል ይሸሻል» የሚሉኝ አሉ። ዶሃና ኢስታንቡል ለልጆች ቦታ የለዩት ነጋዴው ሸሽቷቸው አይደለም። ነጋዴው ልጅ አለው። የክረምቱ ወራት ሲደርስ ከዋሽንግተንና ከቶሮንቶ ልጆቻቸውን ይዘው አያት ሊያስተያዩ የሚመጡትን ወገኖቻችንን ልብ ይሏል፤ አንዱ ቤተሰብ አራትና አምስት ቲኬት በአንድ ጊዜ ይገዛል። በየትኛው አየር መንገድ እንደሚመጣ የሚወስነው ደግሞ ካርዱን የያዘው ሰው ሳይሆን ልጆቹን ይዛ አሥራ ሦስት ሰዓት የምትበረው ሴት ናት። በእኔ ቤት ቢያንስ እንዲያ ነው።

ባለፈው ጥር በዚያው የመስታወት በር ዳግመኛ አለፍኩ፤ በዚህ ጊዜ ብቻዬን ነበርኩ። ከፊቴ አንድ አባት ቆሟል፤ በአነጋገሩ የጋና ሰው መሰለኝ፤ ሚስቱ፣ አሥር ዓመት የሚሆናት ሴት ልጅና ጫማው የተፈታ ትንሽ ወንድ ልጅ አብረውት ናቸው። አስተናጋጇ ያችው ትሁን ሌላ አላውቅም፤ ፈገግታውና ቃሉ ግን ያው ነው፦ አንድ እንግዳ። ሰውየው ልክ እኔ እንዳደረግሁት ወደ ምንጣፉ ዞሮ ማየት ሲጀምር አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ብቻዬን ነኝ። የእኔ ካርድም አንድ እንግዳ ይፈቅዳል፤ እንግዳው ዘመድ ይሁን የሚል ነገር ደግሞ በደንቡ የለም። ቀረብ ብዬ ትንሹን ልጅ እንደ እንግዳዬ ላስገባው እችል እንደሆነ ጠየቅኳት። ደንቡን በኮምፒውተሯ አየች፤ በረራዬን አየች፤ የልጁን የመሳፈሪያ ወረቀት አየች፤ ትችላለህ አለችኝ። ከኋላዬ የቆመ አንድ ሽማግሌ ጃፓናዊ የሆነውን ሁሉ ሲያይ ቆይቶ፣ አንድም ቃል ሳይናገር ካርዱን አውጥቶ ወደ ልጅቱ ጠቆመ።

የሦስት አገር ሰዎች እንግዳ ሆነው ቤተሰቡ በሙሉ ገባ። ለማላውቀው ሰው ልጅ የተፈቀደልኝ ለሁለተኛው ልጄ ያልተፈቀደው ነው። ልጁ ከፊት ለፊቴ ሶፋ ላይ ወዲያው ተኛ፤ አባቱ ሁለት ጊዜ ሾርባ አመጣልኝ፤ ሁለተኛውን እንኳ መጠጣት አልቻልኩም።

ቸር እንሰንብት።